ዋናው ቤት ለተከራይ

ሥራ የጀመርኩት ደሴ ፒያሳ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። ቢሮ የሚባል ነገር አልነበረንም። «የደላላ ቢሮው እግሩ ነው» ይሉ ነበር አለቃዬ ጋሼ ይማም። ያን ጊዜ ከባሌ ተፋትቼ እናቴ ቤት የተመለስኩ ሴት ነኝ፤ ሥራ ከተባለ አላማርጥም። ጋሼ ይማም የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። «ደብሪቱ፣ ምላስሽ ስለት ነው፣ እግርሽም አይለግምም፤ ነይ ኸኔ ጋር» አሉኝ፤ ሄድኩ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ቁልፍ ሰጡኝና ለአንድ አስተማሪ ቤት እንዳሳይ ላኩኝ። ቤት ማሳየት ማለት ማስረዳት መስሎኝ ከደጅ እስከ ጓዳ ስለፈልፍ ቆየሁ። «ይኸ ሳሎን ነው፤ ይኸ መስኮት ነው፤ ብርሃን ያስገባል» አልኩት። አስተማሪው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «መስኮት መሆኑንማ አየሁ፣ እመቤት» ብሎኝ ወጣ። በዚያው ቀረ።

ጋሼ ይማም ይኸን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ሰውየው ዓይን አለው። በሩን ክፈችለትና ዳር ቁሚ። ገዢ ዝም ብሎ ማዕዘን ማዕዘኑን ማየት ሲጀምር በሐሳቡ ዕቃውን እያስገባ ነው። ያን ጊዜ አፍሽን ከከፈትሽ ዕቃውን መልሰሽ ታስወጪበታለሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥራ ብዙ ነገር ተምሬአለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ የጠቀመኝ ግን የለም። እናቴ ዝም ማለት ቻልኩ ብላት አታምነኝም ነበር።

በእኛ ሥራ ማዕረግ አለ። ከሁሉ ታች ቁልፍ ይዞ በር የሚከፍተው ነው። ቀጥሎ የኪራይ ደላላ ይመጣል፤ ከእሱ በላይ የሽያጭ ደላላ። ላይኛው ወንበር እንደ ጋሼ ይማም ላለው ነው፤ ሻጭና ገዢ ተጣልተው ቀብድ ይመለስ አይመለስ ሲባባሉ ሁለቱም ወገን «እሳቸው ያሉት ይሁን» የሚላቸው። እኔ ከቁልፍ ተነሥቼ የሽያጭ ደላላ ሆኛለሁ። መንገዱ ላይ «ሴት ልጅ ካርታ ምን ታነባለች» ያሉኝ ወንዶች ነበሩ፤ ዛሬ ገዢ ሲጠፋባቸው «ደብርዬ» እያሉ የሚደውሉልኝ እነሱው ናቸው።

ለወጣት ባልደረቦቼ አንዳንድ ነገር ልንገራቸው። የደሴን ቤት በጥር አትዩት፤ በጥር ሁሉም ቤት ያምራል። በነሐሴ ሂዱና ከአልጋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳብሱ። ከተማችን ተዳፋት ናትና ከላይ ያለው ጎረቤት የክረምት ውኃውን በየት በኩል እንደሚለቅ ጠይቁ። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፤ እዚያ ጣሪያው ከፍ ያለ መሆኑን እዩ፣ አለዚያ ከሰዓት በኋላ ከሙቀቱ የተነሣ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ካርታውን ከማዘጋጃ ቤት ታገኙታላችሁ፤ የካርታውን ታሪክ የምታገኙት ግን ከጎረቤት ነው።

ሰርቪስ የሚባለውንም ላስረዳ። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ በግቢው ጥግ ተርታውን የሚሠሩት ጠባብ ክፍሎች ናቸው፤ ማዕድ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ለሠራተኛ ወይም ለላጤ ማደሪያ። ድሮ ባለቤቱ ዋናው ቤት ይኖራል፣ ሰርቪሱን ያከራያል። ኑሮ ሲወደድ ነገሩ ተገለበጠ፤ ባለቤቱ ሰርቪስ ገባ፣ ተከራዩ ሳሎን ተቀመጠ። ይኸን ግልብጥ ኑሮ የጀመሩት ብዙ ደንበኞች ነበሩኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን የሰይድና የሐዋ ነገር ነው።

ሰይድ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን መካኒክ ነበር። ሚስቱ ሐዋ ደሴ ገበያ ላይ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ኪራይ ቤት ሲኖሩ፣ ሐዋ የመጀመሪያ ልጇን ፋጡማን አርግዛ ልትወልድ ስትቃረብ፣ አከራያቸው በክረምት ውጡ አሏቸው። ሰይድ ፍራሹን በላስቲክ ጠቅልሎ በወዛደር አሸክሞ፣ ሚስቱን በዝናብ ክንዷን ይዞ ቁልቁለቱን የወረደበትን ቀን ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በላያቸው ላይ ሳንቲም አላጠፉም። ሐዋ የአንገት ወርቋን ሸጠች፤ እሱ አባቱ የሰጡትን በሬዎች ሸጠ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«እታለም» አለኝ ሰይድ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። «እኔ የምገዛው ቤት ለመኖሪያ ብቻ አይደለም። ቤት ወላድ ላም ናት። እኛ ለአንድ ዓመት ሰርቪሱ እንገባለን፣ ዋናውን እናከራያለን። ኪራዩን ሳንነካ እናስቀምጣለን። ኸዚያ ኮምቦልቻ ሌላ እንገዛለን፤ እዚያ ፋብሪካ አለ፣ ተከራይ አይጠፋም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ሐዋ ፋጡማን አዝላ አጠገቡ ቆማለች። «ለአንድ ዓመት ነው ያልከው?» አለችው።

«ወላሂ፣ ለአንድ ዓመት።»

ሰይድ ውሸታም አይደለም። ያን ቀን የተናገረው ከልቡ ነው። ይኸን የምለው አንዳንድ ሰው ታሪኩን ስነግረው ሰይድን ስስታም አድርጎ ስለሚያስበው ነው፤ አልነበረም።

ያሳየኋቸው ቤት ከፒያሳ በላይ ነው። ሳሎን፣ ሦስት መኝታ ቤት፣ ቁልቁል ከተማውን የሚያሳይ በረንዳ፣ ከኋላ ሁለት የሰርቪስ ክፍል። በሩን ከፍቼ ዳር ቆምኩ። ሐዋ ገባች። ዝም ብላ ማዕዘኑን ሁሉ አየች፤ ትንሿ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ደረሰችና ቆመች። «ፋጡማ እዚህ ታጠናለች» አለች፣ ለራሷ። ሰይድን ብፈልገው ሳሎን የለም። ቀድሞ ጓሮ ዞሮ የሰርቪሱን ግድግዳ በጣቱ እያንኳኳ ነው። በአንድ ውል ሁለት ቤት የሚገዙ ባልና ሚስት መሆናቸውን ያኔ አወቅሁ።

ሻጯ እማማ ጌጤ ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ የተነሡ ባልቴት ነበሩ። ዋጋው ከተስማማ በኋላ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው «ዋናው ቤት የምትተኙት እናንተ ናችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሐዋ ባሏን አየችው።

«ለጊዜው ተከራይ ነው፣ እማማ» አለ ሰይድ።

«ተከራይ ይግባ፣ ማን ከለከለው። ግን መጀመሪያ እናንተ እደሩበት፤ አስመርቁት። ሳይመረቅ ለሰው አይሰጥም።»

በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም ቤት ሲገባ ያስመርቃል። ሸሁ ወይም ቄሱ ይጠራሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሥጋው ለየሃይማኖቱ ለየብቻ ይሰናዳል፣ ሁሉም በየእምነቱ እጁን ዘርግቶ «የምትኖሩበት፣ የምትወልዱበት ያድርግላችሁ» ይላል። ሰይድ ይኸን ጠፍቶት አይደለም። «ምርቃቱ ዋናው ቤት ስንገባ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ድግስ አንችልም» አለ። ለማስማማት የመጡት ጋሼ ይማም «አብሽር፣ እንዳልክ ይሁን» አሉትና ሲወጡ ለእኔ ብቻ «ይኸ ልጅ ምርቃትን እንደ ቤት ኪራይ ለከርሞ የሚተላለፍ አደረገው» አሉኝ።

የመጀመሪያውን ተከራይ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ዓመቱ አለቀ። መሐንዲሱ ውሉ ይታደስልኝ አለ፣ ኪራዩንም ጨመረ። ሰይድ ፒያሳ ድረስ መጥቶ «እታለም፣ አንድ ዓመት ብቻ እንጨምር ብለን ነው» አለኝ። በሌላው ዓመትም መጣ። ሐዋን ገበያ ሳገኛት «ዘንድሮስ?» እላታለሁ። «ዘንድሮም ከርሞ ጥጃ» ትለኛለች። «የኔ ነገር ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው፣ ደብሬ።» ያኔ ይኸን ስትል ትስቅ ነበር።

ሁለት ወንዶች ልጆች ተጨመሩ። አምስት ሆነው ሁለት ክፍል ውስጥ ኖሩ። ፋጡማ የምታጠናው የታጠፈ ፍራሽ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ተከራይ ሲገባ ልጆቹ ቀን በግቢው እንዳይሮጡ ይከለከላሉ፤ ኳሳቸው በረንዳው ላይ ከወደቀ አንኳኩተው «ይቅርታ» ብለው ነው የሚያነሡት። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸ ነው። አንድ ቀን ተከራይ ላሳይ ስሄድ ትልቁ ወንድ ልጅ «እትዬ ደብሪቱ፣ እኔም ገብቼ ልየው?» አለኝ። የገዛ አባቱን ቤት። አስገባሁት፤ ጫማውን አውልቆ ገባ።

ተከራይ ወጥቶ ተከራይ እስኪገባ ባለው ክፍተት ቤቱን የምታጸዳው ሐዋ ነበረች። ሰው መቅጠር ስትችል ለማንም አትሰጥም። በሩን ከውስጥ ዘግታ ትውላለች። ወለሉን ታጥባለች፣ መስኮቱን ትወለውላለች፣ ሲደርቅ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። እኔ አዲሱን ተከራይ ይዤ ስደርስ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጓሮ በር ትወጣለች። ሥራዬ ነውና በሩን ከፍቼ ዳር እቆማለሁ።

ሰይድ እንዳለውም ኮምቦልቻ ሁለተኛውን ቤት ገዛ። እዚያ ያለ ባልደረባዬ ነው ያገኘለት፣ እኔም አብሬ ወረድኩ። ቁልፉን ሲረከብ ሰይድ ደጃፉ ላይ ሱጁድ ወረደ፤ ግንባሩ ላይ አፈር እንደያዘ አቀፈን። ደስታው ለእኔም ተረፈ፤ በዚህ ሥራ እንደዚያ የጠገብኩበት ቀን ጥቂት ነው። በሚኒባስ ወደ ደሴ ስንመለስ ዳገቱን ስንጀምር ሐዋ «እንግዲህ እንገባለን?» አለችው።

«ኢንሻአላህ።»

«ይኸኛው ኢንሻአላህ የዘንድሮ ነው የከርሞ?»

ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። ሰይድ ወደ መስኮቱ ዞሮ ገደሉን ያይ ጀመር።

ሌላ ቀን ብቻውን አግኝቼ አፋጠጥኩት። «ሰይዴ፣ አሁንማ ሁለተኛውን አገኘህ፤ ሚስትህን ቤቷ አስገባት እንጂ» አልኩት። አልተቆጣም። «እታለም፣ አንድ ቤት ያለው ሰው አንድ እግር ያለው ነው። ፍራሼን በዝናብ ሲያወጡብኝ አንቺ አላየሽም። ልጆቼን ማንም ውጡ እንዳይላቸው ነው። ሦስተኛዋን ላግኝ፣ ለሦስት ልጅ ሦስት ቤት፤ ኸዚያ እንገባለን።» ለልጆቹ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ልጅ የለኝም፣ ቤትም የለኝም፤ ምክሬን ዋጥ አድርጌ ተመለስኩ።

ያ የጦርነት ጊዜ መጥቶ ከተማው ሲጨነቅ ተከራዩ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ቤቱ ለወራት ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደየጓዳው ሲሰበሰብ እነሱ አሁንም ሰርቪሱ ውስጥ ናቸው። ሐዋ «ቢያንስ አሁን እንግባበት፤ ብንሞት እንኳ ቤታችን ውስጥ እንሙት» አለችው። «ሰላም ሲሆን ተከራይ መጀመሪያ የሚያየው ባዶውን ቤት ነው፤ ኸገባን አንወጣም» አላት። እውነቱን ነው፣ ሰላም ሲሆን መጀመሪያ ያከራየሁት የእነሱን ነው። ሐዋ ከዚያ በኋላ ስለ ላሟ መቀለድ ተወች።

አዲሱ ተከራይ አቶ ግርማ የባንክ ሠራተኛ፣ ጨዋ ሰው ነበር። እሱ እያለ ነው የፋጡማ ሽማግሌዎች ከሐርቡ የመጡት። ሰርቪሱ ለሽማግሌ አይበቃም። ሐዋ እኔን ልካኝ ለአቶ ግርማ ነገርኩት። «ምን ማለትሽ ነው፣ ቤቱ የእነሱ አይደል?» ብሎ ሳሎኑን ለቀቀ፤ እንዲያውም ምንጣፉን እሱ ራሱ አነጠፈ። ሊወጣ ሲል ሽማግሌዎቹ ደረሱና «የት ይሄዳሉ፣ ይቀመጡ እንጂ» ብለው መካከል አስቀመጡት።

ሰይድ በሩ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልጅቱ ተጠየቀች፣ ተፈቀደች፣ ሁሉም አማረ። መጨረሻ ላይ ዋናው ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ወደ አቶ ግርማ ዞሩ። «አላህ ቤትዎን ያስፋልዎ። ለእንግዳ የከፈቱት በር አይዘጋብዎ» ብለው መረቁት።

አቶ ግርማ ፊቱ ቀላ። «ኧረ አባቴ፣ እኔ ተከራይ ነኝ። ባለቤቱ እሳቸው ናቸው» አለ፣ ሰይድን እያሳየ።

ሽማግሌዎቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ አንዱ ወደ ሰይድ ዞረው «ታዲያ እርስዎ የት ነው የሚኖሩት?» አሉት።

«ጀርባ» አለ ሰይድ።

እኔ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ሐዋ ማዕድ ቤት ውስጥ ትሪ ይዛ ቆማለች፣ ሁሉን ሰምታለች። «የገዛ ሳሎኔን ተውሼ ልጄን ዳርኩ፣ ደብሬ» አለችኝ። ፋጡማ «እማ፣ ተይው፣ ዛሬ ደስታ ነው» ብላ ትሪውን ከእጇ ተቀበለቻት። ልጅቱ በዚያው ዓመት አግብታ ሐርቡ ወረደች። ትልቁ ወንድም ጅዳ ሄደ። ትንሹ ትምህርቱን ጨርሶ አዲስ አበባ ሥራ ያዘ።

ሰይድ ጡረታ ሲወጣ ሦስተኛውን ቤት ገዝቶ ነበር። አቶ ግርማ ተዛውሮ ቤቱ ሲለቀቅ ሰይድ ለእኔ ሳይሆን ለሚስቱ ነገራት። «ግቢ» አላት። ሐዋ ስልክ ደውላ «ገባን! ደብሬ፣ ገባን!» ስትለኝ ድምፅዋ የልጃገረድ ነበር።

ምርቃቱ ያማረ ነበር። በግ ታረደ፤ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻው ተሰናድቶልን በላን፤ ሸሁ ዱዓ አደረጉ። ጋሼ ይማም በሕይወት የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማረው፤ ቢኖሩ የላይኛው ወንበር የእሳቸው ነበር። ሰይድ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ እንግዳውን ከክፍል ክፍል ያዞራል። «ይኸ የፋጡማ ነው፤ ይኸ የወንዶቹ ነው» ይላል። አልጋዎቹ በአዲስ አንሶላ ተነጥፈዋል። ሸሁ «የምትወልዱበት፣ የምታሳድጉበት ያድርግላችሁ» ብለው ሲመርቁ ሁላችንም አሚን አልን። ሐዋም አለች፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

ከዓረፋ በዓል በኋላ ስልኬ ጠራ፤ ሐዋ ናት። «ደብሬ፣ ተከራይ ፈልጊልን» አለችኝ።

የኮምቦልቻውን ቤት መስሎኝ «የትኛው ተለቀቀ?» አልኳት።

«ይኸው፣ ዋናው።»

በባጃጅ ወዲያው ወጣሁ። በረንዳው ላይ ማንም የለም። በልማድ ወደ ጓሮ ዞርኩ፤ ሁለቱም የሰርቪሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፍራሹም ተመልሶ ሰርቪሱ ውስጥ ተነጥፏል። «ምን ሆናችሁ? ጣሪያው አፈሰሰ?» አልኳቸው።

«ምንም አልሆነም። ሳሎኑ ያማረ ነው፣ ወላሂ» አለች ሐዋ። «ለዓረፋ ልጆቹ መጡ። አልጋቸውን አሳየኋቸው። ፋጡማ 'ማሻአላህ፣ እማ' አለችኝና ልጇን አዝላ ወዲህ መጣች። ትንሹ ወንድሟም ተከተላት። ፍራሽ አንጥፈው ሰርቪሱ ውስጥ ተኙ። 'እኛ ቤታችን እዚህ ነው' አሉኝ። የጅዳው በስልክ በቪዲዮ ደወለልኝ፤ ሳሎኑን ላሳየው ስዞር 'እሱን ተይው እማ፣ ሰርቪሱን አሳይኝ' አለኝ። ክፉ ብለው አይደለም፣ ደብሬ። ማንም ያላደገበት ቤት ነው። እኔም ስሄድ ስመጣ ኮቴዬ ያስተጋባል፤ የሰው ቤት ገብቼ የማጸዳ ይመስለኛል።»

ሰይድ እስኪያልቅ ሰማት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እታለም፣ ሒሳቡ ልክ ነበር። ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፣ ስሕተት የለውም። ሦስት ቤት ብዬ ነበር፣ ሦስት ቤት አገኘሁ። ልጆቹ ግን አልጠበቁኝም» አለ። ሐዋ ጉልበቱ ላይ እጇን አደረገች፤ «አፉ ብዬሃለሁ፣ አታንሣው» አለችው።

ደላላ ደንበኛ ፊት አያለቅስም። እኔ ግን አለቀስኩ። ለሁለቱም አለቀስኩ፤ እሱ በዝናብ ከወጣበት ቀን ሲሸሽ የኖረ፣ እሷ የገዛ መስኮቷን ለሰው ስትወለውል ያረጀች። የነጠቃቸው ሌባ የለም፣ ያታለላቸው የለም፣ ወደ ማን እንደምቆጣ አላውቅም። ያመጣሁላቸው ተከራይ ሁሉ ደግሞ ጥሩ ሰው ነበር።

ተከራይ አገኘሁላቸው። የሆስፒታል ነርስ ናት፣ ባልና ሦስት ትንንሽ ልጆች አሏት። ቤቱን ሳሳያት ልጆቹ ሳሎኑ ውስጥ መሯሯጥ ጀመሩ፤ እናትየው ደንግጣ «ዝም በሉ፣ ባለቤቶቹ አሉ!» ብላ ተቆጣች። ሐዋ ከጓሮ በር ብቅ አለች። «ተያቸው፣ ይሩጡ» አለቻት። «ሰው እንዲሮጥበት ነው የገዛሁት።» ውሉን ሰይድ ፈረመ፣ እኔም ምስክር ሆንኩ።

አሁንም ፒያሳ እቆማለሁ፣ ጉልበቴ ዳገቱን እያማረረ። ወጣት ባልና ሚስት ይመጣሉ፤ ስልካቸው ላይ ሒሳብ ሠርተው ያሳዩኛል። የመጀመሪያው ቤት ሁለተኛውን ይገዛል፣ ለጊዜው ሰርቪሱ እንገባለን ይሉኛል። ሒሳቡ ልክ ነው እላቸዋለሁ፤ ሠርቶ አይቼዋለሁ። ልጅ ካላችሁ ግን ዋናው ቤት እናንተ ግቡ፣ ሰርቪሱን አከራዩ እላቸዋለሁ። ሁለተኛው ቤት ይዘገያል። ቢዘገይም ይገዛል፤ ልጆቹ የሚያድጉበት ዘመን ግን አይገዛም።